ተምቹን ስልኩ ለየው፤ ማን ይልቀመው?

እድሜ ለሥልጣኔ! በቆሎዬን የሚበላው ማን እንደሆነ አሁን ከነዘር ማንዘሩ አውቀዋለሁ። የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ አፕ ተምቹ ከየት አህጉር እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚራባ፣ ግንባሩ ላይ ምን ምልክት እንዳለበት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነገረኝ። በቆሎው ግን ያው ይበላል። ድሮ ዝም ብሎ ይበላ ነበር፤ አሁን በመረጃ ተደግፎ ይበላል።

የሰፈሬ ሰዎች "ጋሼ ደግሞ የማያማርሩት ነገር የለም" ይሉኛል። ልክ ናቸው። በሀዋሳ ከተማ ሳይከፈልበት የቀረ ነገር ቢኖር የሐይቁ ነፋስና ማማረር ነው፤ ሁለቱንም እስኪበቃኝ እወስዳለሁ። ዛሬ ግን ስለ ኑሮ ውድነትም ሆነ ስለ ባጃጅ ታሪፍ አላወራም። ስልክ የእርሻ አዋቂ ሆኖ ስለመምጣቱ፣ እኔም በስተርጅና የእሱ ተላላኪ ሆኜ ስለመቅረቴ ነው የማወራው።

ጣጣው የሚጀምረው ከምዝገባው ነው። ድሮ እርሻ ለመጀመር በሬ፣ ዘርና ዝናብ ይበቃ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ "አካውንት ይክፈቱ" ይላሉ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የልደት ዓመት ምረጥ አለኝ፤ ጣቴ ስክሪኑ ላይ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ሲንሸራተት፣ እኔ የተወለድኩበት ዘመን ሳይደርስ ክንዴ ዛለ። ክልል ምረጥ ሲለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ከዚህች መሬት ንቅንቅ ሳልል ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ነበርኩ፣ ደቡብ ሆንኩ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሲዳማ ክልል ነኝ። አፑ ገና ደቡብ ላይ ነው ያለው፤ ዜና አይሰማም መሰለኝ።

"የእርሻዎ ስፋት ስንት ሄክታር ነው?" አለ። ሁለት ጥማድ ብዬ አስጻፍኩ። በቀይ ቀለም "ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ" ብሎ መለሰልኝ። ጥማድ የማያውቅ የገበሬ መምህር! የልጅ ልጄ "ዜሮ ነጥብ አምስት" ብላ ጻፈችለት። አባቴ ያወረሰኝ መሬት በዜሮ ሲጀምር ሆዴ ቢባባም ዋጥ አደረግሁት። ቀጥሎ ፓስወርድ መጣ። "ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል ቀላቅለው ይጻፉ" ይላል። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም፤ ከሀ እስከ ፐ ሁሉም እኩል ተሰልፎ ነው የሚኖረው። ይኼን ለአፑ ማን ያስረዳው?

በመጨረሻ "ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ይፍቀዱ" አለ፤ ፈቀድኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ ዞር ዞር ብላ ሐይቁ መሀል ቁጭ አለች። እኔን ከነበቆሎዬ የጉማሬዎቹ ጎረቤት አደረገችኝ። እውነቱን ለመናገር ጉማሬም ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ በቆሎ ይበላል። እሱን የሚለይ አፕ ግን እስካሁን አልመጣም፤ ጉማሬን ለመለየት ምናልባት ባለሙያ አያስፈልግ ይሆናል።

ወደ ተባዩ ልግባ። የድሮውን ተምች አገር ያውቀዋል። በመንጋ ይመጣል፣ ሳሩንም ጤፉንም በቆሎውንም ጠራርጎ ይሄዳል፤ ክፉ ቢሆንም ሲመጣ ይታያል። የአሁኑ መጤ ነው፤ ትውልዱ የአሜሪካ አህጉር። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ታየ ተባለ። በ2009 ዓ.ም. በልግ እኛም አገር ገባ፤ መጀመሪያ የተገኘው በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ በወራት ውስጥ በቆሎ አብቃዩን አገር አብዛኛውን አዳረሰ። እናቲቱ፣ ያቺ የእሳት እራት፣ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ትበራለች ይላሉ። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ መናኸሪያ ሳትሰለፍ፣ ትኬት ሳትቆርጥ፣ ከረዳት ጋር በሻንጣ ሳትጨቃጨቅ በሦስተኛው ሌሊት ሀዋሳ መግቢያ ጥቁር ውሃ ላይ ናት። ስትደርስም ዝም ብላ አትተኛም፤ በእድሜዋ 1,500 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች።

እንግዲህ ስልኩ ይኼን ፍጡር ፈልግልኝ ይላል። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ በቆሎው መሀል ገባሁ። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። አዲሱ ቅጠል የሚፈለቀቅበትን መሀሉን በሁለት ጣት ከፈት ሳደርገው እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ሞልቶበታል። ኩሱን በእንጨት ጠረግ አደረግሁና ከሥሩ ባለቤቱን አገኘሁት፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ በሰው ቤት ተዝናንቶ የተኛ። ብቻውን ነው። ብቻውን የሆነውም ትሕትና ስላለው አይደለም፤ እዚያው አብረውት የነበሩትን ወንድሞቹን በልቷቸው ነው። እንዲህ ያለ ዘመድ ከሰውም አይጠፋ፣ ልለፈው።

ምልክቱ ግንባሩ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ "የእንግሊዝኛው ዋይ ፊደል ተገልብጦ" ይላሉ። ምን ሲደረግ የእንግሊዝ ፊደል እበደራለሁ? ያውም ዘቅዝቄ! መነጽሬን አድርጌ ሳየው የእኛው እሳቱ ሰ ግንባሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሰ ብሎ ሰላቢ። ጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተዋል። እሳቱ ሰ ከነአራት ነጥቡ ካለ እሱ ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻም።

ስልኩ ግን ምስክር ይፈልጋል። ፎቶ አንሳ አለኝ። አነሳሁ። "ምስሉ ደብዝዟል፣ ቀረብ ይበሉ" አለ። ቀረብኩ። "ብርሃን ያንሳል" አለ፤ ጥላዬ ነው። ዞር አልኩ። "ስልኩን አያንቀጥቅጡ" አለ። እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። እኔ ነኝ ወይስ እድሜዬ ያንቀጠቀጠው? ስንጨቃጨቅ ትሉ ተጠቅልሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ ፎቶ መነሳት አይወድም። የልጅ ልጄ ደግሞ በራሷ ስልክ አስቀድማ ቀርጻው ኖሮ አፑ ገና "እየተመረመረ ነው" ሲል ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። ማታ ስጠይቃት ትሉ ብዙ ላይክ አግኝቷል። የበላው በቆሎ የኔ፣ ላይኩ የእሱ።

ነገሩ ሁሉ ቀልድ እንዳይመስል ስለሌሎቹ አፖችም ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ለመጤው ተምች ብቻ ተብሎ የተሠራ ፋሚውስ የተባለ አፕ አወጣ። ገበሬው ወይም የልማት ሠራተኛው ማሳውን አይቶ ይመዘግባል፣ መዝገቡ ተሰብስቦ ካርታ ይሆናል። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ኑሩ የተባለውን ጨመሩበት፤ እሱ ደግሞ ቅጠሉን በካሜራ አይቶ ጉዳቱ የዚህ ተምች መሆን አለመሆኑን ይናገራል፣ ያውም ያለ ኔትወርክ። ያለ ኔትወርክ መሥራቱን ስሰማ ባርኔጣዬን አነሳሁ። የሠራው ሰው አንድ ቀን እኛ ጋ መጥቶ ደውሎ ያውቃል ማለት ነው።

ካርታው የት ይታያል ብዬ ጠየቅሁ። ሮም ድረስ ይታያል አሉኝ፤ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ከሮም ሆኖ አገራችንን በካርታ ማየት ከዚህ በፊትም ተሞክሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ደስ አላለንም። የአሁኖቹ ለደግ ነው የሚያዩት፣ እሱን አምናለሁ። ብቻ በዚያ ካርታ ላይ የኔ ማሳ አንዲት ቀይ ነጥብ ናት። ነጥቧን ያየ ሁሉ "ወይ ጉድ" ብሎ ሲያበቃ ትሉን የሚለቅመው ያው የኔ ጣት ነው።

ደግሞ አረማመዱ! እርሻዬ ውስጥ እንዴት እንደምራመድ ተማርኩ፣ በዚህ እድሜዬ። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለህ አትሂድ ይላል መመሪያው፤ የእንግሊዝኛውን ደብልዩ እየሠራህ ተራመድ። ይኸውላችሁ ደግሞ የእኛው ንጉሡ ሠ! እሳቱን ሰ በንጉሡ ሠ እየተራመዱ መፈለግ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት የተገረፍኩባቸው ሁለት ፊደላት ጊዜ ጠብቀው በቆሎ ውስጥ አገኙኝ። በዚያ የሠ መንገድ አምስት ቦታ ትቆማለህ፣ በየቦታው አሥር አሥር ተክል ታያለህ፤ በድምሩ 50። ከ50ው ስንቱ እንደተነካ ትቆጥራለህ። በቆሎው ለጋ ሳለ የተጠቃው ከመቶ 20 እጅ ካልደረሰ፣ ማለትም ከ50ው አሥር ካልሞላ፣ መድኃኒት አትርጭ ይላል። በቆሎው ከፍ ካለ በኋላ እስከ 40 እጅ ድረስ ይችላል፣ ታገስ። አበባ ካወጣ ወዲያ ደግሞ ጭራሽ ባትረጭ ይሻላል።

የማማረር ሥራዬን የሚያበላሽብኝ ይኼ ክፍሉ ነው፤ ትክክል ነዋ! ሊያማርር የተቀመጠ ሰው ሐቅ ሲገጥመው ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተባዩ ገና እንደገባ ተመራማሪዎች ሀዋሳ አካባቢን ጨምሮ ትሎቹን ከማሳ ሰብስበው ሲያዩ፣ ከትሎቹ ውስጥ ትንንሽ ተርቦች ወጡ። ኮቴዥያ የምትባለዋ ተርብ እንቁላሏን ትሉ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ትሉን ከውስጥ ቦርቡረው ይጨርሱታል። በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተያዙ ነበሩ። አስቡት፤ ደመወዝ አልጠየቀች፣ አበል አልጠየቀች፣ ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ሥራ ይዛልን ነበር። እኛ መድኃኒት ስንረጭ ትሉ ቅጠሉ መሀል ተደብቆ ይተርፋል፤ ውጭ የምትዞረው ተርብ ትሞታለች። ንቡም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ "ሳትቆጥር አትርጭ" የሚለው ምክር የቆየ ሽማግሌ ምክር ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

አፑ ቀጠለና "እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ለቅመው ይጨፍልቁ፤ አመድ ወይም አፈር ቅጠሉ መሀል ይጨምሩ" አለ። የልጅ ልጄ ዓይኗ በርቶ "ሰሙ አባባ? አመድ ነው የሚለው!" አለችኝ። ይኼን አመድ እኔ ለእናቷ ስነግር ስንት ዘመኔ ነው! ያኔ "የድሮ ሰው" ተባልኩ። ያው አመድ በስልክ ሲመጣ "ዘላቂ የተባይ ቁጥጥር" ይባላል። እኔም ከአሁን ወዲያ ምክር መስጠት ስፈልግ ፊቴ ላይ መብራት አበራለሁ፤ ምናልባት ያዩኝ ይሆናል።

ከዚያ ደግሞ ገበያ ስትወጡ የምታዩትን ጉድ ስሙ። ስልኩ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ከመፍቀዱ በፊት እድሜዬን፣ ፆታዬን፣ ቀበሌዬን፣ ከ50 ተክል ስንቱ እንደታመመ ጠየቀኝ። ባለሱቁ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። "ጋሼ፣ ለምን ይደክማሉ? ይኼን አንዴ ነው፣ ዘሩን ያጠፋዋል" ብሎ ምንም ጽሑፍ ከሌለበት ሃይላንድ ወደ ሌላ ሃይላንድ ቀዳልኝ። ለቡናም ነው፣ ለጫትም ነው፣ ለቲማቲምም ነው አለኝ። የሁሉ መድኃኒት! ለወገብ ይሆን እንደሆን ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት፤ አዎ እንዳይለኝ ፈራሁ። አንድ ጎረቤቴ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ፣ ነፋሱ ወደ ፊቱ እየነፈሰ ረጨና እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ። "ምነው?" ብለው "አይዞዎት ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ" አለኝ። መድኃኒቱ ግን እሱን አልለመደውም።

የሀዋሳ ሰው ይኼን አቅልሎ እንዳያየው የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። ሐይቃችን መውጫ የለውም። ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ከማሳው በጎርፍ ታጥቦ የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ተመራማሪዎች በሐይቁ ዓሣ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት ማግኘታቸው በጥናት ተጽፏል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ስትጠጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ከበው ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣ ሁላችሁም ከአንድ ማዕድ እንደምትበሉ አትርሱ። አባ ኮዳ ራሰ በራነቱ ከዚህ የመጣ ባይሆንም።

አሁን ወደ ሆቴሎቹ ልውሰዳችሁ። የወርክሾፕ ዋና ከተማ ብትሉ ሀዋሳን የሚያህል አላውቅም። የአዲስ አበባ ብርድ ያስመረረው ሁሉ ሐይቁ ዳር ይሰበሰባል። ባነር ይሰቀላል፤ "የአነስተኛ አርሶ አደሮችን ሕይወት በዲጂታል ቴክኖሎጂ መለወጥ" ይላል። አንድ ጊዜ እኔንም "የተጠቃሚ ተወካይ" ብለው ጠሩኝ። ከፊት አስቀመጡኝ፣ ፎቶ አነሱኝ፤ እንደ ትሉ ግን ጉድጓድ አልነበረኝም። ገለጻው ሲጀመር ማያው ላይ ክበቦችና ቀስቶች መጡ፤ አንዱ ክበብ ውስጥ "ገበሬ" ይላል። ሻይ ቡና ወጣን። ተመለስን፣ ምሳ ወጣን። በውይይቱ ሰዓት እጄን አውጥቼ "ይኼ አፕ ዓመት ከርሞ ይኖራል ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናመሰግናለን" ተባልኩ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ማለት መልስ የሌለው ጥያቄ ማለት እንደሆነ ሽበት አስተምሮኛል።

እንደፈራሁትም ሆነ። አፑን ያመጣው ፕሮጀክት ጊዜው አልቆ "ፌዝ አውት" አደረገ። አፑ ስልኬ ላይ አለ፣ ስነካው ይከፈታል፣ ክብ ነገር ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። የልማት ሠራተኛው ተቀይሮ በቦታው አንድ ጎበዝ ልጅ መጣ። "ጋሼ፣ እሱ እኮ ቀርቷል፤ አሁን አዲስ አለ" ብሎ ሌላ ጫነልኝ። እሱም ስሜን ጠየቀኝ። እድሜዬን ጠየቀኝ። ክልል ምረጥ አለኝ። አንዱ አፕ ለሌላው "እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ" ማለት እንዴት ያቅተዋል? ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳን ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ዘመድ ሆነው ይወጣሉ።

እስካሁን ያማረርኩት የሳቅ ነው። ከሆዴ የማማርረው አንድ ነው፤ ስልኩ ለየብቻችን ነው የሚያወራው። ተምቹ ግን የሚመጣው ለሁላችን ነው። እኔ ጎንበስ ቀና ብዬ ሁለት ጥማዴን ለቅሜ አጸዳሁ እንበል። ከድንበሬ ወዲያ ያለው ጎረቤቴ መሬቱን አከራይቶ ከተማ ገብቷል፤ ተከራዩ ስልክ አለው፣ ዳታ የለውም። ከእሱ ወዲያ ያለው ደግሞ ዳታ አለው፣ የሚያየው ኳስ ነው። በሳምንቱ የእነሱ የእሳት እራት ወደ እኔ ተሻግራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ አፑም "ማሳዎ በከፍተኛ ሁኔታ ተጠቅቷል" ብሎ እኔን ይወቅሰኛል። የድንበር ግጭት ቢሆን ሽማግሌ ይዳኘው ነበር። የእሳት እራት ግን ለእርቅ አትቀመጥም።

ድሮ ተባይ የሰፈር ጉዳይ ነበር። አንበጣ ሲመጣ ቆርቆሮ የሌለው ድስት ይዞ ይወጣል፣ ጅራፍ የሌለው ጉሮሮውን ይዞ ይወጣል። ቅርብ ጊዜ እንኳን፣ በ2012 ዓ.ም. በነበረው የበረሃ አንበጣ፣ ባለ አውሮፕላኑ በአውሮፕላን ሲረጭ ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ ሲጮህ አይተናል። ጩኸቱ አንበጣን ምን ያህል እንዳስፈራ አላውቅም፤ ቤቱ የተቀመጠውን ሰነፍ ግን ያወጣዋል። መጤው ተምች በገባበት በ2009 ዓ.ም.ም ሰው በዘመቻ እየወጣ በእጁ ለቅሟል። ባለ ብዙ ጣት መድኃኒት እሱ ነበር። ተረቱ እንኳን 50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለ50 ሰው ጌጡ ይላል። አፑ ደግሞ ያንኑ 50 ቆጥሮ ለእኔ ብቻ አሸከመኝ።

ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ አፕ ሠሪ ይኼን መማር ከፈለገ ሩቅ አይሂድ፤ ጉዱማሌ ይምጣ። እዚያ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ሌሊት ሰማዩን፣ ጨረቃና ከዋክብቱን አይተው ቀኑን ይወስናሉ። ትንበያ ማለት ይኼ ነው፤ ሳተላይታቸው ዓይናቸው ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው። ያወቁትን ለየሰው በጆሮው አያንሾካሹኩም፤ ለጎሳዎቹ ሁሉ ይታወጃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰማል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። አልሰማሁም የሚል ሰው የለም።

ከዘመናዊዎቹም ይኼ የገባው አልጠፋም። ዲጂታል ግሪን የሚባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ መጀመሪያ የመጣው በቪዲዮ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ራሱ የሚሠራውን ይቀረጻል፤ የልማት ሠራተኛው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ መጥቶ ግድግዳ ላይ ያሳያል። ያን ጊዜ ገበሬው ተሰብስቦ ነው የሚያየው። አንዱ "ውሸት ነው" ይላል፣ ሌላው "እኔ ሞክሬው ሠርቷል" ይላል፣ ክርክር ይነሳል። ሲወጡ ለነገ ቀጠሮ ይይዛሉ። ያው ድርጅት አሁን ደግሞ ገበሬው ለየብቻው በስልክ የሚጠይቀውና በአማርኛም የሚመልስ ፋርመር ቻት አውጥቷል። መልሱ ፈጣን ነው አሉ። ክርክሩ ግን የለም። ሽማግሌ ክርክር ከሌለበት ነገር ምን ይጠቅመዋል?

8028ንም ሳላነሳ አላልፍም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው ነጻ የስልክ መስመር ነው። በባለ ቁልፏ ስልክ ይሠራል፣ ዳታ አይጠይቅም፣ በተለያዩ የአገር ቋንቋዎች ይናገራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለውበታል። ማንበብ ለማይችለው ጆሮ ይበቃዋል። በሽታ ወይም ተባይ ሲነሳ ደግሞ ራሱ ወደ ገበሬው መልእክት ይልካል። ወደ ጡሩምባ የሚጠጋ ነገር ያየሁት እሱን ነው።

ጡሩምባ አልኩ? እዚህ ጋ ነበር ልመጣ የፈለግሁት። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ስሙን አይጠየቅም፣ ፓስወርድ አያስገባም፣ ክልል አይመርጥም። "ማን ሞተ?" ብሎ ነጠላውን ያነሳል። ያልመጣ ይቀጣል፤ ቅጣቱም በደብተር ይጻፋል። ይኼ ሥርዓት ሞትን ያህል ነገር ችሎ ኖሯል፤ አንድ ትል ያቅተዋል?

ስለዚህ አፕ ለምትሠሩ ልጆቼ፣ ሐይቁ ዳር ለምትሰበሰቡትም ሆነ ሮም ለምትቀመጡት፣ አቤቱታዬን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጥማድን አስተምሩት። ሁለተኛ፣ ስሜን አንዴ ብቻ ጠይቁኝ፤ ከእናንተ ቶሎ ቶሎ መለወጥ የተነሳ እኔም ልረሳው ነው። ሦስተኛ፣ ያንን ሃይላንድ የሚቀዳውን ሰውዬ ከእኔ በፊት እሱን መዝግቡት፤ እድሜውን፣ ቀበሌውን፣ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ጠይቁት፣ በቀይ ቀለም "ትክክለኛ መልስ ያስገቡ" በሉት። አራተኛና ዋናው፣ ስልኩ ተምቹን ሲያገኝ ለእኔ ብቻ አያንሾካሹክ። ጡሩምባ ይንፋ! የእኔም፣ የተከራዩም፣ የኳስ ተመልካቹም ስልክ በአንድ ጊዜ ይጩህ፤ "ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሁሉም ሰው ማሳው ላይ፣ ያልመጣ ይቀጣል" ይበል። ቅጣቱን እኛ እንሰበስባለን፤ ለእሱ አፕ አያስፈልግም፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ከማንም አፕ ይበልጣል።

እስከዚያው እኔ ጠዋት ጠዋት በቆሎዬ ውስጥ ነኝ፤ በንጉሡ ሠ እየዞርኩ እሳቱን ሰ እለቅማለሁ። ሊያማክረኝ፣ ሊያሠለጥነኝ፣ ሊያጠናኝ የፈለገ በሩ ክፍት ነው። ፎቶ ለማንሳት የሚመጣ ግን መጀመሪያ አሥር ተክል ለቅሞ ያሳየኝ።